ስልጠናው ያልደረሰው ጎተራ

ሽማግሌው ገበሬ ከዘራቸውን ይዘው ወደ ስብሰባ ሲገሰግሱ የወንድማቸውን ልጅ መንገድ ላይ አገኟት። ተምራ የግብርና ባለሙያ ሆናለች። መንደሩን የሚደግፈው ድርጅት የሚመረጠው በዚያ ጠዋት ነበር፤ የገበሬዎቹ ሊቀ መንበር ደግሞ እሳቸው ናቸው።

«እንዴት አደሩ አጎቴ? ወዴት በጠዋቱ?»

«ባለ ትራክተሩን የከተማ ማኅበር ልናስመርጥ ነዋ! ያ ትንሹ ድርጅትማ ስለ ዶሮና ስለ ጎተራ ከማውራት በቀር ምን ያውቃል?»

«ሴቶቹስ የቱን መረጡ?»

«የቤቱ ራስ መረጠ ማለት ቤቱ መረጠ ማለት አይደለም እንዴ?»

ሽማግሌው ክፉ ሰው አልነበሩም። ያልተጠየቀ ሰው ሐሳብ የሌለው የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ እሳቸውም ከእነዚያ አንዱ ነበሩ።

«ለመሆኑ ለዘር ያስቀመጣችሁት በቆሎ እንዴት ሆነ?»

ፊታቸው ጠቆረ። «ነቀዝ ጨረሰው! ባለቤቴ አዲሱን እህል ነቀዝ ባለበት አሮጌ ላይ ገልብጣ! ዘንድሮ ምን እንደምንዘራ እንጃ።»

«ጎተራው ሳይጠረግ አዲስ እህል እንደማይገባ የከተማው ማኅበር አላስተማረም?»

«አስተምሯል እንጂ! ከተማ ድረስ ሄጄ፣ ከፊት ተቀምጬ ነው የሰማሁት።»

«ጎተራውን የሚሞላው ማን ነው?»

«እሷ ናት።»

«ታዲያ ለእትዬ ነገሯቸው?»

 ሽማግሌው ከስልጠናው ተመልሰው ቤት ሲገቡ ያወሩት ስለ ትራክተሩ ብቻ ነበር።

«አጎቴ፣ የሚያርሱት እርስዎ ስለሆኑ ትራክተር ቢመኙ አይፈረድብዎትም። እትዬ ግን ልጆቹንና ከብቱን ጥለው ከተማ ሊውሉ አይችሉም። ትንሹ ድርጅት ላሞቹ ከታለቡ በኋላ ደጃፋቸው መጥቶ ያስተምራል። ማሳ ላይ ያማረ እህል ጎተራ ውስጥ ካለቀ ድካሙ ለማን ነው?»

«ወንዶቹ በሚስቱ የሚመራ ብለው ቢስቁብኝስ?»

«ይሳቁ! ሳቅ ዘር አይሆናቸውም።»

ሽማግሌው ፊታቸውን አዙረው ወደ ቤት ተመለሱ። ባለቤታቸው ከተበላው በቆሎ ደህናውን ፍሬ እየለቀመች ነበር።

«አንቺ የቱን ድርጅት ትመርጫለሽ?»

ቀና ብላ አየቻቸው። «ዛሬ ገና ጠየቅኸኝ? ቤቴ ድረስ የሚመጣውን ነዋ!»

«በይ ተነሺ፤ ጎረቤቶችሽንም ጥሪ። ይህን በራስሽ አፍ ተናገሪው።»

ስብሰባው ሲጀመር ሽማግሌው ብድግ ብለው፣ «ሴቶቹ ሳይናገሩ እጄን አላነሣም» አሉ። ሳቁም ጉርምርምታውም አልቀረላቸውም። እሳቸው ግን ንቅንቅ አላሉም፤ ከብዙ ክርክር በኋላም ትንሹ ድርጅት ተመረጠ።

ያን ዓመት ዘር ተበድረው ዘሩ። በቀጣዩ ዓመት ግን ጎተራው ተጠርጎ የገባው በቆሎ አንድም ነቀዝ ሳይነካው ለዘር ደረሰ፤ ዶሮዎቹም ድርጅቱ በሰጠው ክትባት ከበሽታ ተረፉ። ቤት የቆመው በሁለት ሰው ድካም ነውና፣ አንዱን ብቻ ጠይቆ የሚሰጥ እርዳታ መንገድ ላይ ይቀራል።

ስቀውባቸው ከነበሩት አንዱ፣ ሚስቱን ስልጠናው ላይ እንዳትገኝ የከለከለው የትራክተሩ አፍቃሪ፣ ባዶ ጆንያ ይዞ ዘር ሊበደር መጣ።

«እኔን ምን ትለኛለህ?» አሉት ሽማግሌው። «ባለ ጎተራዋ እዚያች ናት፤ እሷን ጠይቃት።»