ሳይፈትሹ አይጠርጉም

ያ ዶፍ ባይወርድ ኖሮ ሁለቱ በዚያ ቀን ባልተገናኙም ነበር። የኮምፒውተር አስተማሪዋ ዝናቡን ሽሽት ሮጣ የገባችው የአክስቷ ጥልፍ ቤት ሆነ። አክስቷ ኮምፒውተሩ ፊት ቁጭ ብለው እንደ ባላጋራ አፍጥጠውበታል።

“እንኳን መጣሽ! ይኸ ጉድ ግራ አጋባኝ። አዲሱን ጥለት አስቀምጥ ስለው አሻፈረኝ አለ። ፊደል የቆጠረች ደንበኛ ብታነብልኝ ‘ቦታ የለኝም’ ነው አሉ የሚለው። እኔ በዚህች ክፍል ሁለት ማሽን፣ ያን ሁሉ ጥቅል ጨርቅና ራሴን አኖር የለም እንዴ?”

ሴትዮዋ ፊደል ባይቆጥሩም ኮምፒውተሩን በላዩ ባሉት ሥዕሎች እየለዩ ያዛሉ። የሟች እህታቸው፣ የአስተማሪዋ እናት፣ የነደፈቻቸው ጥለቶች ያሉት በዚሁ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ሰው ሲነካባቸው ደማቸው ይፈላል።

“የማያስፈልግ ፋይል ሞልቶት ነው፣ አክስቴ። የሚጠርግ ነፃ ፕሮግራም አለ፤ ልጫንልዎ።”

“ነፃ? እኔ በነፃ ያገኘሁት ምክር ብቻ ነው፤ እሱም አልበጀኝም። ባለፈው አንድ ቀይ ነገር ብልጭ ብልጭ ሲልብኝ ነካሁት። ከዚያ ወዲህ ማስታወቂያ እንደ ዝንብ ይወረኛል።”

“እሱማ አጭበርባሪ ነው። ብልጭ እያለ የሚጠራዎትን አይንኩ። ይኼን ከሠሪዎቹ ከራሳቸው ድረ ገጽ ነው የማወርደው። ሲጫን ‘ሌላም ልጨምር ወይ’ ካለ እንቢ ማለት ነው።”

“ሠሪዎቹስ ምን በልተው ያድራሉ?”

“የሚከፈልበትም አላቸው። ነፃው ማቅመሻ ነው።”

“እንደ ጨርቅ ነጋዴ ናሙና በይኛ!” አሉ፣ ሳይወዱ በግድ ገባቸው።

ፕሮግራሙ ተጭኖ ረጅም ዝርዝር አወጣ። የአሮጊቷ ዓይን ከላይ ታች ዋለለ፤ ራሳቸው ዞረ።

“በቃ፣ ሁሉንም ልጥረገው” አለች አስተማሪዋ።

“እጅሽን ሰብስቢ! ምኑን ነው የምትጥዪው?”

“ቆሻሻ ነው አልኩዎት እኮ።”

“የማን ቆሻሻ? ቤቱ የኔ አይደለም? አንድ ባንድ ንገሪኝ።”

አስተማሪዋ ተነፈሰችና ታነብ ጀመር። “ጊዜያዊ ፋይል። ፕሮግራም ሲሠራ የሚያራግፈው ብጥስጣሽ ክር በሉት።”

“ይሂድ።”

“የኢንተርኔት ቅሪት።”

“ይሂድ።”

“መጣያ ቅርጫት።”

“እሱን እንዳትነኪ! ጥለቶቹ ያሉት እዚያ ነው።”

“መጣያው ውስጥ?”

“ቅርጫት አይደል የተሳለው? በጥልፍ ቤት የሚጣል መሬት ይወድቃል፤ ደህናው ቁራጭ ቅርጫት ይገባል። ስፈልግ አወጣለሁ፣ ስጨርስ እመልሳለሁ። የእናትሽም እዚያው ነው።”

አስተማሪዋ ከፈተችው። የእናቷ ሐረግ፣ የእናቷ ወፎች ተደርድረዋል። የተማረ ሰው ቅርጫቱን ያውቃል፤ ውስጡ ያለውን የሚያውቀው ግን ባለቤቱ ነው።

“እንተወው፣ አክስቴ” አለች እጇን ከማውሱ አንስታ። “በገዛ እጄ ላጠፋው ነበር።”

“ምን ሲደረግ? ይልቅ አሁን ነው የሚጠረገው! እኔ የፈራሁት ፕሮግራሙ ሌባ መስሎኝ ነው። ሌባ የሚወስደውን ቆጥሮ አያሳይሽም። ይኸኛው አሳየን፤ ሳያይ ሊያጠፋ የነበረው የአንቺ ጣት ነው።”

ልጅቱ ጥለቶቹን ከመጣያው አውጥታ ስም ያለው ፎልደር ውስጥ አስገባች፤ በፍላሽም ገለበጠች። ያወቁትን ጠረጉ፤ ምንነቱን ያላወቁትን ግን አልነኩም። ኮምፒውተሩ ያን አሻፈረኝ ያለውን ጥለት ዋጥ አደረገ፤ ሲከፈትም እንደ ድሮው አላንቀላፋም።

“በየወሩ መጥተሽ ትጠርጊያለሽ” አሉ አክስት። “እኔም ከጎንሽ ሆኜ እጠይቃለሁ።”

“እሺ። አክስቴ… የእማዬን ለኔም ልገልብጠው?”

አሮጊቷ ወንበራቸውን ወደ እሷ አስጠጉ።

“ያንቺም አይደል? ገልብጪ እንጂ። እስከ ዛሬ ያልጠየቅሽኝ ነው የገረመኝ።”