ያላመለጡት ፌንጣዎች

ሽማግሌው ቶንግዳም ቅርጫታቸውን አንግበው ከሩዝ ማሳው ሲመለሱ፣ ግብርና ተምራ ወደ መንደሯ የተመለሰችውን የጎረቤታቸውን ልጅ ዊላይዋንን መንገድ ላይ አገኟት። ሰላምታ እንኳ ሳያስጨርሷት ቅርጫቱን ከፈቱላት።

«እይማ ልጄ! ሙሉ ቅርጫት ፌንጣ! እጄን ስዘረጋ ቁጭ ብለው ይጠብቁኛል። ቶንግዳም አርጅቷል ያለ ሁሉ ይምጣና ይይ!»

«ለሳይፎን ነው አይደል?»

«ታዲያ ለማን! አዋላጇ ‹ደም አንሶሻል፣ ሥጋ ብዪ› አለቻት። ድግስ ካልመጣ ማን ጎሽ ያርድልናል? እርጉዝ ልጄ ግን ከሥጋ የማያንስ ትበላለች።»

«እሱስ ልክ ነዎት፤ ፌንጣ ከሥጋ አያንስም። ግን አባባ፣ እኔ ቤት የማረባው ሞልቶ ለምን ይደክማሉ?»

ቶንግዳም ከት ብለው ሳቁ። «ያንቺም ፌንጣ ተብሎ! ካርቶን ውስጥ ተኝቶ ዱባ የሚቀለብ ሰነፍ! ፌንጣ ማለት ዘሎ የሚያመልጥ ነው።»

«ታዲያ የእርስዎዎቹ ለምን አላመለጡም?»

ዊላይዋን አንዱን አንስታ መዳፏ ላይ አኖረችው። እግሩን አንፈራግጦ በጎኑ ወደቀ።

«ማሳው ትናንት የተባይ መድኃኒት ሲረጭ አይቻለሁ» አለች ቀስ ብላ።

«በደንብ ቢታጠብስ? ቢጠበስስ?»

«በልተውታል እኮ፣ አባባ። ሆዳቸው ውስጥ ያለውን ውሃ አያጥበውም፤ እሳትም ያጠፋዋል ብዬ አልዋሽዎትም።»

«በገዛ እጄ!» አሉ ቶንግዳም፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ። አባታቸው ያስተማሯቸው ፌንጣ የመልቀም ልማድ ክፉ አልነበረም፤ የተለወጠው ማሳው ነበር። ልማድን የሚወድ ሰው ልማዱ የቆመበትን መሬትም አልፎ አልፎ ማየት አለበት።

ዶሮ እንዳይለቅመው ጉድጓድ ቆፍረው ቀበሩት። ከዚያም ዊላይዋን ቤት ገቡ፤ ፌንጣዎቹ ካርቶኑን በጩኸት ሞልተውታል።

«ይሄ ሁሉ ምን ይበላል?»

«የጓሮ ዱባና የካሳቫ ቅጠል። ለላም የሚበቃ ግጦሽ የለንም፤ ለእነዚህ ግን የቤት ጥግ ይበቃቸዋል። ሁለት ወር ሳይሞላ ይደርሳሉ። የሚበሉትን ደግሞ የምሰጣቸው እኔው ነኝ።»

ማታ ሳይፎን የተጠበሰውን ፌንጣ በሩዝ እየጠቀለለች፣ «አባዬ፣ ይጣፍጣል! ከየትኛው ማሳ ነው?» አለች።

መዋሸት ይችሉ ነበር። «ከዊላይዋን ቤት ነው። እኔ የለቀምኩልሽማ መርዝ ነበር፣ ልጄ። ለጥቂት ተረፍሽ።»

ሳይፎን ሳህኑን ወደ አባቷ ገፋ አደረገች። «በል አብረን እንብላ።»

ቶንግዳም ቀመሱ፤ ደገሙ። ከዚያ ወደ ባለቤታቸው ዞረው፣ «ነገ ካርቶን ፈልጊልኝ» አሉ። «የልጅ ልጃችን ጥርስ እስኪያበቅል ድረስ እኔም ማርባቱን ልልመድ።»