ለአሰልጣኙ የቆሙ ሽማግሌዎች

እዚህ መካነ ሰላም የአንድ ኮሌጅ ዲን ነኝ። አንድ ጠዋት የሰፈራችን ሼህ እንድሪስ፣ አንድ ቄስና ሌሎች ሽማግሌዎች አስከትለው ቢሮዬ ገቡ። ተነስቼ ወንበር ባቀርብላቸው እምቢ አሉ። «የመጣንበትን እሺ ካላሉን አንቀመጥም» አሉኝ ሼሁ። እኔ እንኳ ግራ ገባኝ! ሽማግሌ የሚላከው ልጅ ለመጠየቅ ወይም ለማስታረቅ ነው፤ ለጋብቻ የደረሰች ልጅ የለችኝ፣ የተጣላሁት ሰው የለ። «አሰልጣኙ ሊሄድ ነው አሉ» ሲሉኝ ገባኝ። አገር በቴሌቪዥን የሚያውቀው ሰውዬ የኮሌጃችንን የእግር ኳስ ቡድን ከመያዙ በፊት ኮሌጁ ተማሪ አጥቶ ሊዘጋ ነበር። አሁን ከአቀስታና ከወረኢሉ አልፎ ከአዲስ አበባ ሳይቀር ተማሪ ይመጣል፤ ከተማው ውስጥ የሚከራይ ባዶ ክፍል አይገኝም።

«አብሽሩ፣ እሱ ቢሄድ ትምህርቱ የትም አይሄድም» አልኳቸው። ሼሁ ቄሱን አዩዋቸው፤ ቄሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ከአንቱ ጋር አልተስማማም ነው የሚባለው፣ ዶክተር። እንግዲህ እሱ ከሚሄድብን፣ ምናለ አንቱ ቢሄዱልን?»

ያቀረብኩላቸውን ወንበር ገና ከእጄ አልለቀቅኩም። እኔኑ እንድሄድላቸው እየለመኑኝ ነው እኮ፣ ያውም በትሕትና! ጸሐፊዬ አንድ ነገር ብላ ትገላግለኛለች ብዬ ወደ በሩ ዞር ብል፣ እሷም ነጠላዋን አደግድጋ ከኋላቸው ቆማለች።