ተራው የውዳላት ነው

(ደሴ፣ በአንድ ፍርድ ቤት በር። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ። የማመልከቻ ጸሐፊዋ ትርንጎ ስሟ በተጻፈበት የቆርቆሮ ጥላዋ ሥር ጠረጴዛዋን ይዛ ተቀምጣለች፤ ጡረተኛው የሥነ ምግባር መምህር ይልቃል ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ከፊቷ ቆመዋል።)

ትርንጎ፦ አባቴ፣ ለሦስተኛ ጊዜ ልጠይቅዎ፤ ከሳሽ ነዎት ወይስ ተከሳሽ? ከኋላዎ ሰው ቆሟል።

መምህር ይልቃል፦ ከኋላዬ ማንም የለም። ሁሉም ለምሳ እንደ ወጣ ነው። እኔም ክስ ላጽፍ አልመጣሁም። የጀመርሽውን እንድትጨርሺ ልለምንሽ ነው የመጣሁት።

ትርንጎ፦ የማንን ጉዳይ ነው ጀምሬ የተውኩት? የቦታ ነው? የውርስ?

መምህር ይልቃል፦ የውዳላትን።

ትርንጎ፦ ... ውዳላት የምትባል ደንበኛ የለችኝም።

መምህር ይልቃል፦ ደንበኛሽ አይደለችም፤ አንቺው ነሽ። «ጥንድ ብዕር» በሚባለው የቴሌግራም ቡድን ውስጥ አንቺ ከአባቷ ቤት የወጣችውን ውዳላትን ሆነሽ፣ እኔ አባቷን ሆኜ፣ አንዱን አንቀጽ አንቺ፣ ቀጣዩን እኔ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ታሪክ ጽፈናል። እኔ «ዘበኛው» ነኝ። አንቺ «የቆርቆሮ ጥላ» ነሽ።

ትርንጎ፦ በዚህ ከተማ የቆርቆሮ ጥላ ስንት እንደሆነ ያውቃሉ?

መምህር ይልቃል፦ ደሴ በፍርድ ቤት በር እንደምትሠሪ ነግረሽኛል፤ እዚህ ያለው አሥራ አንድ ነው። ከኮምቦልቻ እየተመላለስኩ ሦስት ቀን ሙሉ ቆጥሬዋለሁ። ትናንት አንዱ ባልደረባሽ አእምሮዬን የሳትኩ መስሎት ውሃ አጠጣኝ።

ትርንጎ፦ እኔ መሆኔንስ በምን አወቁ?

መምህር ይልቃል፦ ባለፈው ክረምት «ዝናቡ ከቆርቆሮዬ እየፈሰሰ በግራ እጄ ባልዲ ይዣለሁ፤ ዛሬ ልጅ መሆን አልቻልኩም» ብለሽ ጽፈሽልኝ ነበር። በማግሥቱ ደግሞ ቀዳዳውን በማስቲካ ደፈንኩት አልሽኝ። ቀና ብለሽ እዪው። ከአሥራ አንዱ ጥላ ማስቲካ ያለበት አንድ ብቻ ነው።

ትርንጎ፦ ምነው ያን ጊዜ ምላሴን ቢቆርጠው! እሺ፣ ይቀመጡ። ቢቀመጡም ግን መልሴ አንድ ነው። አልጽፍም።

መምህር ይልቃል፦ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰባት ቀን ይሞላል።

ትርንጎ፦ ከምኑ?

መምህር ይልቃል፦ ደንቡን እያወቅሽው አትጠይቂኝ። ሰባት ቀን ሙሉ ተባባሪ ያልጻፈበት ታሪክ ይዘጋል፤ ከቡድኑም ይሰረዛል። አንቺ ከሄድሽ ሦስት ወር ሆነ፤ አዲስ ሰው በያዝኩ ቁጥር ቀኑ እየታደሰልኝ እስከ ዛሬ አቆይቼዋለሁ። የመጨረሻው ሰውዬ ጥሎኝ ከሄደ ዛሬ ሰባተኛው ቀን ነው።

ትርንጎ፦ ገልብጠው ያስቀምጡታ። ጎረቤቴ ጋ ማተሚያ አለ፤ በአንድ ጊዜ ያወጣልዎታል።

መምህር ይልቃል፦ በሳጥን የሚቀመጥ ወረቀት ምን ያደርግልኛል? እኔ የምፈልገው ውዳላት እንድትመልስልኝ ነው።

ትርንጎ፦ በቡድኑ ውስጥ የሚጽፍ ሰው ሞልቷል። ማስታወቂያ አውጥተው የለም እንዴ? አይቼዋለሁ እኮ! «ዕድሜዋ ከሠላሳ በላይ፣ የትምህርት ደረጃዋ ከዲፕሎማ ያላነሰ፣ መልካም ጠባይ ያላት፣ የጽሑፍ ፈተና የምታልፍ።» ጋሼ፣ የጽሑፍ ጓደኛ ነው የፈለጉት ወይስ ገንዘብ ያዥ?

መምህር ይልቃል፦ ፈተናው ሦስት ጥያቄ ብቻ ነበር።

ትርንጎ፦ ሦስተኛው «ታዛዥነት ምን ማለት ነው? ከምሳሌ ጋር አብራሪ» ይላል።

መምህር ይልቃል፦ ተገቢ ጥያቄ ነው።

ትርንጎ፦ ስንት ሰው አለፈልዎ?

መምህር ይልቃል፦ ስድስት። የመጀመሪያዋ በሁለተኛው ቀን ዘንዶ ይዛ ግቢዬ ገባች። በወረኢሉ ገጠር፣ በአንድ ምስኪን ሽማግሌ ግቢ፣ ዘንዶ! ያውም የሚናገር!

ትርንጎ፦ ምን አለ ዘንዶው?

መምህር ይልቃል፦ ትስቂያለሽ። ሁለተኛዋ ደግሞ አባትየውን ለጎረቤቱ ለባሏ ለሞተባት ሴት ልትድረው ተነሣች። ልጅቱን ረስታ ሠርግ መደገስ ጀመረች።

ትርንጎ፦ ድንኳን ተክላ ከነበረ ጥሩ ነበር፤ ሰውየው ብቻውን ስንት ዓመት ይቀመጥ?

መምህር ይልቃል፦ ሦስተኛዋ ጨዋ ነበረች። የጻፍኩላትን ሁሉ «እሺ አባባ» ትላለች።

ትርንጎ፦ እንግዲህ ፈተናውን በማዕረግ ያለፈችው እሷ ናት። የፈለጉት ይኼንኑ አይደለም?

መምህር ይልቃል፦ እኔም መስሎኝ ነበር። ሦስት ቀን እሺ አለችኝ። በአራተኛው ቀን ከግድግዳ ጋር የማወራ መሰለኝና አሰናበትኳት።

ትርንጎ፦ የመጨረሻውስ? ሰውዬ ነው አሉኝ።

መምህር ይልቃል፦ ወንድ ሆኖ ልጅቱን መጻፉ አልከፋኝም፤ ጥሩ ይጽፍ ነበር። ግን በአምስተኛው ቀን «ጋሼ፣ እርስዎ የሚፈልጉት ተባባሪ ሳይሆን እጅ ነው» ብሎኝ ሄደ። እስካሁን አልገባኝም።

ትርንጎ፦ ለእኔ ገብቶኛል። እኔ ለምን እንደሄድኩስ ያውቃሉ?

መምህር ይልቃል፦ ፊደልሽን ስላረምኩ ነው። አጉል ልማድ ነው፤ አምናለሁ።

ትርንጎ፦ እሱንማ ችዬው ነበር። የላክሁልዎትን ሁሉ ፎቶ እያነሡ፣ በቀይ እያከበቡ ሲመልሱልኝ ሁለት ዓመት ችያለሁ። ደንበኞቼ እንኳ «ፊደልሽ አማረ፣ ተማርሽ እንዴ?» ብለውኛል። በዚያ አልሄድኩም።

መምህር ይልቃል፦ በምን ሄድሽ ታዲያ? ንገሪኝና ልክፈል። ሰዓቱ እየሄደ ነው።

ትርንጎ፦ የበሩን ነገር ያስታውሱ። ውዳላት ከስንት ዓመት በኋላ አባቷ ደጃፍ ደረሰች። እኔ ሦስት መስመር ጻፍኩ፤ «ደረሰች። አጥሩን ተደግፋ ትንፋሿን ሰበሰበች። በሩን አንኳኳች።» ሦስት መስመር ለመጻፍ ሁለት ቀን ፈጀብኝ፤ እጄ እምቢ እያለኝ። ከዚያ ተራው የእርስዎ ሆነ። ምን ጻፉ?

መምህር ይልቃል፦ «ማን ነው? አለ አባትየው።»

ትርንጎ፦ ቀጥሎስ?

መምህር ይልቃል፦ ... «እሷም ገባች። ውዳላት ተንበረከከች። እግሩን ይዛ አለቀሰች። አባባ፣ በድያለሁ፤ ልክ እርስዎ ነበሩ አለች።»

ትርንጎ፦ የገባችው ማን ናት? የተንበረከከችውስ? የማን ጉልበት ነው? እኔ እዚህ ወንበር ላይ አሥራ አራት ዓመት ተቀምጫለሁ። የሰው ሚስት የቀማም፣ የወንድሙን መሬት ያረሰም መጥቶ አጽፎኛል። የከሳሹን ክስ ከጻፍኩ የተከሳሹን መልስ አልጽፍም፤ ይኼ በዚህ በር ያለን ሁሉ የምንጠብቀው ሕግ ነው። ወንበዴ እንኳ መልሱን ራሱ ይሰጣል። ውዳላት ግን መልሷን ተቀማች።

መምህር ይልቃል፦ ሠላሳ ስምንት ዓመት ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ጥያቄውን በሰሌዳ ጽፌ፣ ዝም ሲሉኝ መልሱንም እዚያው ጽፌ ኖርኩ። ክፋት አልነበረኝም።

ትርንጎ፦ ዝም አላልኩም እኮ! ተራዬ አልደረሰም ነበር። ደግሞ ሌላም ነገር አለ። ያን ቀን የጻፉት «ውዳላት ተንበረከከች» አይልም።

መምህር ይልቃል፦ ምን ይላል?

ትርንጎ፦ «ትብለጥ ተንበረከከች» ይላል። ትብለጥ ማን ናት?

መምህር ይልቃል፦ የእጅ ስሕተት ነው።

ትርንጎ፦ የእኔን አራት ነጥብ ሳይቀር የሚያርሙ ሰው ስም ይሳሳታሉ?

መምህር ይልቃል፦ ... ልጄ ናት። የመረጥኩላትን ትታ የመረጠችውን አገባች። ከባሏ ጋር ልትጠይቀኝ ስትመጣ በሩን ሳልከፍት «ልክ ነበሩ በይ፤ ያን ጊዜ ትገቢያለሽ» አልኳት። አላለችም። አሥራ ሁለት ዓመት ሆነ። አሁን ሀዋሳ ናት ይላሉ፤ ሁለት ልጅ ወልዳለች ይላሉ። ይላሉ እንጂ እኔ አላውቅም።

ትርንጎ፦ ታዲያ በሰው ብዕር ሊያስብሏት ነው?

መምህር ይልቃል፦ አዎ። አልዋሽሽም። ከማንም አፍ ቢሆን አንድ ጊዜ ልሰማው ብዬ ነበር። እነዚያ ስድስቱ ሲጽፏት አላመንኳትም። የአንቺን ውዳላት ግን አምናታለሁ፤ ስትቆጣ ትብለጥን ትመስላለች፤ ዝም ስትልም እሷን ትመስላለች። አንቺ አንድ መስመር ብትጽፊው ለእኔ እውነት ይሆንልኛል። ሰባ አንድ ዓመቴ ነው፣ ትርንጎ። እባክሽ። አንድ መስመር። ውደቅ ካልሽኝ እዚሁ በሰው ፊት እወድቃለሁ። ይኸው፣ ተንበርክኬያለሁ።

ትርንጎ፦ ይነሡ! ኧረ በሕግ አምላክ፣ ይነሡ! የፍርድ ቤቱ ዘበኛ እያየን ነው፤ በድዬዎት ይመስለዋል።

መምህር ይልቃል፦ ጻፊልኛ!

ትርንጎ፦ አልጽፍም። ያመኑኝ ስለሆነ ነው የማልጽፈው። ይስሙኝ። እኔም በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ከቤት ወጣሁ። ከአራት ዓመት በኋላ ተመልሼ አጥር ጥግ ቆምኩ። ውሻው አወቀኝ፤ እየዘለለ መጣ። አባቴ በረንዳው ላይ ነው፤ ሳሉ ይሰማኛል። ማን እንደቆመ ውሻው ነግሮታል። እንዲወጣ እስኪመሽ ጠበቅሁት። እሱ ገብቼ እስክወድቅለት ጠበቀ። በነጋታው ወደ ደሴ ተመለስኩ፤ አባቴም በዚያው ዓመት በፍልሰታ ሞተ። ያንን በር ነው የጻፍኩልዎት። እርስዎም በአንድ እስትንፋስ አስገብተው አንበረከኩኝ።

መምህር ይልቃል፦ አላወቅሁም።

ትርንጎ፦ አልጠየቁማ።

መምህር ይልቃል፦ አንድ ነገር ግን አሁንም አልገባኝም። ስድስቱም የጻፉትን እያጠፉ ነው የሄዱት። አንቺ ግን ሁለት ዓመት የጻፍሽውን አንዲት ፊደል ሳትነኪ ተውሽው። ለምን?

ትርንጎ፦ ረስቼው ነው።

መምህር ይልቃል፦ አልረሳሽም።

ትርንጎ፦ ... ስንት ሰዓት ሆነ?

መምህር ይልቃል፦ ለዘጠኝ አሥራ ሁለት ጉዳይ።

ትርንጎ፦ ስልክዎን ያውጡ። ከ«ማን ነው?» በታች ያለውን ሁሉ ያጥፉ።

መምህር ይልቃል፦ ሁሉንም? «አባባ፣ በድያለሁ» የሚለውንም?

ትርንጎ፦ በመጀመሪያ እሱን።

መምህር ይልቃል፦ ሦስት ወር በየጧቱ እሱን እያነበብኩ ነው የምነሣው።

ትርንጎ፦ የጻፉት እርስዎ ነዎት እኮ፣ ጋሼ። እሷ አላለችም።

መምህር ይልቃል፦ ... ጠፋ። «ማን ነው?» ብቻ ቀረ። እንኪ፣ አንቺ ጻፊልኝ።

ትርንጎ፦ የእርስዎን ስልክ አልነካም። ይጻፉ።

መምህር ይልቃል፦ በሩን ይክፈተው?

ትርንጎ፦ አባትየውን የሚጽፉት እርስዎ ነዎት፤ እኔ ምን አውቄ?

መምህር ይልቃል፦ ሳያውቅ እንዴት ይከፍታል? ምን ልትለው እንደመጣች ሳያውቅ?

ትርንጎ፦ ስምንት ደቂቃ ቀረዎት።

መምህር ይልቃል፦ ... «መልስ ሳይጠብቅ ተነሣ። በባዶ እግሩ ተራምዶ መቀርቀሪያውን ሳበ። በሩን ከፈተ።» ... ከዚህ በኋላ እሷ—

ትርንጎ፦ ጋሼ!

መምህር ይልቃል፦ አቆምኩ። አቆምኩ። አራት ነጥብ አደረግሁ። ላክሁት።

ትርንጎ፦ ደረሰኝ።

መምህር ይልቃል፦ አምስት ደቂቃ። ምን ልትል ነው?

ትርንጎ፦ ዝም ይበሉ፤ ተራው የውዳላት ነው።

መምህር ይልቃል፦ ትስማማለሽ ማለት ነው? ተባባሪዬ ትሆኛለሽ?

ትርንጎ፦ የምትለውን ሰምተው ከቻሉ እንጽፋለን። ካልቻሉ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ይዝጉት። እንግዲህ አያጣድፉኝ።

መምህር ይልቃል፦ ሦስት ደቂቃ። ... ትርንጎ፣ ሁለት።

ትርንጎ፦ ተልኳል። ያንብቡት።

መምህር ይልቃል፦ መነጽሬ ጉም ያዘብኝ። ቆይ... «ውዳላት የተከፈተውን በር አየችው። እግሯን አላነሣችም። አልገባም፣ አባባ፣ አለች። እርስዎ ይውጡ።»

ትርንጎ፦ በቀይ አያከብቡትም?

መምህር ይልቃል፦ አላከብበውም። ትርንጎ... አንድ ነገር ልጠይቅሽ።

ትርንጎ፦ ይጠይቁ።

መምህር ይልቃል፦ ሰውየው ባዶ እግሩን ነው፤ መንገዱም እስከ ሀዋሳ ሩቅ ነው። ጫማውን እስኪያጠልቅ ትጠብቀዋለች?