ብስክሌቱ የገባ ዕለት

እድርተኛ ለቀብር ሲጠራ ሌላ ቀጠሮ የለውም፤ ይህን ሥርዓት አባቴ በልጅነቴ ቃል በቃል አስጠንቶኛል። እኔም የእድራችን ዳኛ ከሆንሁ ጀምሮ ያለ ሕመም የቀረ ሰው ምሬ አላውቅም።

አዋላጅ ነርስ የሆነችው ልጄ በድብ ባሕር ዙሪያ ባሉ የተራራ መንደሮች ምጥ ወደያዛቸው እናቶች የምትሄደው ዳገቱን በእግሯ እየወጣች ነው። ባለፈው ክረምት አፋፍ ላይ ተንሸራትታ ከገደል ለጥቂት ተረፈች። ስለዚህ በኤሌክትሪክ የሚሠራ አዲስ የተራራ ብስክሌት ከአንድ የአራዳ ገበያ ነጋዴ አዘዝሁላት፤ እርሱ ግን “ነገ ይገባል” እያለ ሦስት ወር አመላለሰኝ። ዝናቡ ሲጀምር እንቅልፍ አጣሁ።

ጎረቤቴ ወይዘሮ ጥሩወርቅ በሚቀበሩበት ዕለት፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ነጋዴው ደወለ።

“ጋሼ፣ አንድ ብቻ ገብቷል፤ አሁኑኑ ካልመጡ ሌላ ፈላጊ ደጄ ላይ ቆሟል!”

 ነጠላዬን ለሐዘን እንዳጣፋሁ ወደ አራዳ ዞርሁ።

“ምነው ጋሼ፣ ማን ሞተብዎ?” አለኝ ነጋዴው።

“ብስክሌቱን አምጣ!”

እሑድ በእድሩ ስብሰባ ተነሥቼ ጥፋቴን ተናገርሁ። “ለልጅ ብለው ነው፣ እንማራቸው” አለ አንዱ። አምና ለልጃቸው ምርቃት ብለው ከቀብር ቀርተው የቀጣኋቸው አቶ ደሴ ግን ብድግ አሉ።

“እኔስ ለልጄ አልነበረም?”

“እውነት ነው። ቅጣቱን እርስዎ ይንገሩኝ” አልኋቸው።

“ለሚመጡት ሦስት ቀብሮች ድንኳኑን እርስዎ ይትከሉ፤ ዳኝነቱንም ዛሬውኑ ያስረክቡ።”

የእድሩን ማኅተም ከኪሴ አውጥቼ በእጃቸው አኖርሁ።