ገበያው ዞሮ ያየው ሰላይ

አቶ ወልደጻድቅ ከለቅሶ ተመልሰው ከሲሬ ወደ አሰላ በሚሄደው ሚኒባስ ሲሳፈሩ፣ የቀረችው አንዲት መቀመጫ ሃዊ አጠገብ ነበረች። ሳምንቱን ሙሉ ሲሸሿት ከርመዋል። ስትደውል ስልክ አላነሱም፤ ባህል አዳራሹ በር ላይ ቆማ ስትጠብቃቸው በጓሮ በኩል ወጥተዋል። አሁን ግን ጉልበታቸው ከጉልበቷ ጋር ተገጣጥሞ ተቀመጡ፤ መንገዱም ገና ረጅም ነው። ሃዊ በትሕትና ሰላም ብላቸው ወደ መስኮቱ ተጠጋች። እሳቸውም ሰላምታዋን መልሰው የገብሱን ማሳ ማየት ጀመሩ።

ያጣላቸው ይርዳው ነው። አሰላ ተወልዶ ያደገ ሁሉ ይርዳውን ያውቀዋል። የከተማው የቴያትር ቡድን በየጊዜው እያነሳ በሚያሳየው ቴያትር ውስጥ ያለ ሰላይ ነው፤ በጣሊያን ጊዜ ጠላት ሰፈር ገብቶ የመኮንኖች በቅሎ እየጠበቀ፣ የሰማውን ለአርበኞች የሚያደርስ የፈጠራ ሰው። አቶ ወልደጻድቅ የታሪክ አስተማሪ ሳሉ ይህን ሰላይ ጎልማሳነታቸውን ሙሉ ተጫውተውታል። ጡረታ ከወጡ በኋላም ባለሱቁ ሁሉ "ይርዳው፣ ግቡ እንጂ" እያለ ነው የሚጠራቸው። እሳቸውም ይህን ስም ከራሳቸው ስም ይልቅ ይወዱታል።

አሁን ቴያትሩ እንደ አዲስ ሊዘጋጅ፣ ቴሌቪዥንም መጥቶ ሊቀርጸው ነው። የምታዘጋጀው ቴያትር ተምራ የተመለሰችው ሃዊ ናት። ይርዳውን የሚመርጠው ግን የቡድኑ ሽማግሌዎች ኮሚቴ ነው፤ ኮሚቴው ደግሞ አቶ ወልደጻድቅ ያሉትን ያጸድቃል።

ለምርጫው የቆየ ወግ አላቸው። እጩው ረጅሙን የመድረክ ካፖርት ይለብሳል፣ ባርኔጣውን ይደፋል፣ ከዚያ በቅዳሜ ገበያ መሀል ይሄዳል። ኮሚቴው ከአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ያያል። ሻጩም ገዥውም ሥራውን አቁሞ ዞሮ ያየው ሰው ይርዳው ይሆናል። አቶ ወልደጻድቅ ራሳቸው የተመረጡት እንዲሁ ነው፤ ያን ዕለት አንዲት ቅቤ ሻጭ እሳቸውን ስታይ ቅሏ ከእጇ እንዳመለጣት እስከ ዛሬ ይወራል።

ዝምታውን የሰበረችው ሃዊ ናት። ቅዳሜ ገበያ ውስጥ የሚሄደው ወንደሰን እንደሆነ ሰምታ ነበርና እውነት እንደሆነ ጠየቀቻቸው። ወንደሰን የነጋዴው የአቶ ወልደ ሚካኤል ልጅ ነው፤ መለሎ፣ መልከ መልካም፣ ሲናገር ድምፁ የሚያስገመግም።

"ሌላ ማን አለ?" አሉ አቶ ወልደጻድቅ።

"ነቢል አለ።"

"የትኛው ነቢል?"

"በየዓመቱ የሚፈተነው። ጨርቅ ቤት የሚሠራው።"

ለማስታወስ ሞከሩ። ቁመቱ ብቻ ትዝ አላቸው። "አጭሩ! እሱ እኮ ካፖርቱ መሬት ይጠርግበታል።"

"ካፖርቱን እናሳጥረዋለን።"

"ልጁንስ ታስረዝሚዋለሽ?"

ሃዊ ሳትፈልግ ሳቀች። እሳቸውም ፈገግ አሉና ልባቸው ትንሽ ከፈት አለ፤ ስለዚህ ሌላውንም ሁሉ ዘረገፉላት። አማርኛው ችግር አለበት፣ አፉን ሲከፍት የት እንዳደገ ያስታውቃል አሏት። የት ነው ያደገው ብላ ጠየቀች። እዚሁ አርሲ አሉ።

"ይርዳውስ የሚሰልለው የት ነው ጋሼ? ጢቾ ገበያ ወርዶ ወሬ ይለቅማል፣ አርቦዬ ሄዶ መልእክት ያደርሳል። ኦሮምኛ ሳያውቅ፣ እንደ አገሩ ሰው ሳይናገር ስንት ቀን ይቆያል?"

አቶ ወልደጻድቅ የዋዛ ተከራካሪ አልነበሩም። ሰው ወደ አዳራሽ የሚገባው ጎረቤቱን ለማየት እንዳልሆነ፣ ቀና ብሎ የሚያየው ሰው እንደሚፈልግ ረጋ ብለው አስረዷት። ለአገሩ የተሠዋ ሰው ግርማ ያስፈልገዋል። ተርታ ሰው ተርታ መስሎ መድረክ ላይ ቢወጣ፣ ልጆቻችን ማንን አይተው እንደዚያ መሆን ይመኛሉ? ያሉትንም ከልባቸው ያምኑበት ነበር።

ሃዊም ነገራቸውን አልናቀችም። ጥቂት አሰበችና እንዲህ አለች፦

"ግርማው ከሥራው ይምጣ ጋሼ። ይርዳው እኮ በቅሎ ጠባቂ ነው። መኮንኖቹ ምስጢራቸውን ፊቱ የሚያወሩት እንደ ሰው ስለማይቆጥሩት ነው። አንድ ገበያ ሙሉ ሰው ዞሮ የሚያየውን፣ ጣሊያኑ ብቻ ሳያየው ይቀራል?"

ሰው አንድን ነገር ዘመኑን ሙሉ በልማድ ሲሠራ ይኖርና፣ አንድ ቀን ለምን ብለው ሲጠይቁት፣ ከማሰቡ በፊት ይቆጣል። የሚያስቆጣው ጥያቄውን ራሱ ቀድሞ አለመጠየቁ ነው። አቶ ወልደጻድቅም ተቆጡ። ፈተናው የአባቶች ደንብ ነው፣ ትናንት የመጣ ተማሪ አያፈርሰውም አሉ። እንዲያውም ነቢልም ይሂድ፣ ወንደሰንም ይሂድ፣ ገበያው ይፍረድ፤ እኔ ለማንም አላዳላም ሲሉ ጨመሩ።

ሃዊ ሌላው ተሳፋሪ እንዳይሰማ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ለአቶ ወልደ ሚካኤል ቃል ሰጥተዋል።"

"ማን አለሽ?"

"ራስዎ ነዎት ያሉት። ዛሬ ጠዋት፣ ለቅሶ ቤት፣ እጅዎን ላስታጠበዎት ልጅ።"

አቶ ወልደጻድቅ ጠዋቱን መልሰው አሰቡ። የሞተው ኸይሩ የቴያትሩ የቀድሞ መብራት ሠራተኛ፣ የልብ ወዳጃቸው ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ውሃ ያፈሰሰላቸው፣ ምግብ ያቀረበላቸው፣ ኋላም ከእግራቸው ሥር ቁጭ ብሎ ስለ ድሮ ቴያትር በአክብሮት የጠየቃቸው አንድ ልጅ ነበር። ደግ ልጅ መስሏቸው ብዙ አወሩት። ወልደ ሚካኤል የልጅነት ጓደኛዬ ነው፣ ልጁን ይርዳው ላደርግለት ቃል ገብቻለሁ፣ የቅዳሜው ነገር ለደንቡ ያህል ነው አሉት። ከዚያም የባሰ ብለዋል። ያ አጭር ጨርቅ ሻጭ ይርዳው ሆነ ቢባል ኸይሩ ከመቃብሩ ውስጥ ሆኖ ይስቃል ብለዋል። ልጁም አብሯቸው ፈገግ ብሎ፣ ተጨማሪ ውሃ ላምጣልዎ ወይ ብሎ ነበር የተነሳው።

"ያ ልጅ ነቢል ነው?" አሉ።

"እሱ ነው። የአቶ ኸይሩ የእህት ልጅ ነው።"

"አንቺ ነሽ የላክሽው?"

"ማንም አልላከውም ጋሼ። አጎቱ ነው የሞተው። ልሰናበተው ስገባ ነው ነግሮኝ ያለቀሰው።"

አሰላ እስኪገቡ አቶ ወልደጻድቅ ጭላሎን እያዩ ተጓዙ፤ ተራራውን ግን አላዩትም። ራሳቸውን ነበር የሚያዩት፤ ያን ካፖርት ለብሰው፣ በጠላት ሰፈር መሀል፣ ወታደር ሁሉ ዞሮ ሲያያቸው። እኔ ብሆን ኖሮ በመጀመሪያው ቀን ይሰቅሉኝ ነበር ብለው አሰቡ። ጎልማሳነታቸውን ሙሉ የተጨበጨበላቸው ለቁመታቸው መሆኑ፣ በጡረታ ዘመን የሚሰማ መልካም ወሬ አይደለም።

ነቢል ከለቅሶው ሲመለስ ጨርቅ ቤቱ ድረስ ሄዱ። አቡጀዲ እየለካ ነበር። እስኪጨርስ ቆመው ጠበቁት፤ እሱም ሲያያቸው በርጩማ አቀረበላቸው። አልተቀመጡም።

"በለቅሶ ቤት ሰለልከኝ?" አሉት።

"ያወቁኝ መስሎኝ ነበር ጋሽ ወልደጻድቅ። የማን ልጅ ነህ ብለው ሲጠይቁኝ ነው እንዳላወቁኝ የገባኝ። ከዚያ ስለ ይርዳው ጠየቅሁዎት፤ እርስዎም ነገሩኝ።"

አቶ ወልደጻድቅ ተሸንፈው የመጡ ሰው ናቸውና ክርክር አላበዙም። የጣሊያን መኮንን ብሆን ኖሮ ሰፈሩን ሁሉ አስረክቤህ ነበር አሉት። ሥራውን እንደሚችል እንዳመኑ፣ ለኮሚቴው ራሳቸው ቆመው እንደሚናገሩለት ገለጹለት። ደስ የሚለው መስሏቸው ነበር። ነቢል ጨርቁን አጣጥፎ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠና ወደ እሳቸው ዞረ።

"የበቅሎ ቤቱን ንግግር በየዓመቱ ፊትዎ ቆሜ ተናግሬዋለሁ። አጎቴ መብራት ሲያበራ እያዳመጥኩ ነው ያጠናሁት። ችሎታዬን ሳሳይዎት አላዩኝም፤ ሳታልልዎት አዩኝ። ሚናውን እወስደዋለሁ፣ ስመኘው ነው የኖርኩት። ግን አመሰግናለሁ አልልዎትም።"

"አትበል" አሉ አቶ ወልደጻድቅ።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ወልደ ሚካኤል ቤት ሄደው ቃላቸውን አነሱ። የልጅነት ጓደኛቸው ከወንበሩ ሳይነሳ በሩን አመለከታቸው። ከዚያ ወዲህ በመንገድ ሲገናኙ አንዱ ወደ ማዶ ይሻገራል።

ቅዳሜ ሳይደርስ ኮሚቴው ፊትም ቆመው፣ ሃዊ በሚኒባሱ ውስጥ የነገረቻቸውን ሁሉ በራሳቸው አንደበት ተናገሩ። ሚና የሚሰጠው ሚናው የሚጠይቀውን ለሚችል ነው አሉ፤ ሰላይ ከሆነ ሰው መሀል መሰወር ለሚችል፣ ንጉሥ ከሆነ ዓይን መሙላት ለሚችል። ትውልዱ፣ ቁመቱ፣ የአባቱ ወዳጅነት መድረክ ላይ ወጥቶ አይናገርለትም። የገበያው ፈተና በዚያው ቀን ቀረ። እጩዎች ባለታሪኩ በሚናገራቸው ቋንቋዎች እንዲደመጡ ተወሰነ፤ ይርዳውም ለነቢል ተሰጠ። ጥቅሙም ሳይውል ሳያድር ታየ። በልምምዱ ወቅት የጢቾ ገበያው ትዕይንት ሲሠራ፣ በር ላይ ቆመው የሚያዩ ገበሬዎች እስከዚያ ድረስ ሳቅ ያልነበረበት ቦታ ላይ ሳቁ፤ የራሳቸውን አነጋገር ሰምተው ነበርና። ወንደሰንም የጣሊያኑን ጄኔራል ሆኖ ተመደበ፤ እዚያ ቁመቱ ለሥራ ዋለ፣ ጨዋታውም አማረበት። ሃዊ አቶ ወልደጻድቅን አማካሪ አድርጋ ከፊት ወንበር አስቀመጠቻቸው።

አንድ ቀን በልምምድ መሀል እረፍት ሲሆን፣ አቶ ወልደጻድቅ ሲያስቡት የሰነበቱትን ለኮሚቴው አባላት አቀረቡ። ባለፉት ዓመታት በቁመታቸውና በአነጋገራቸው የመለስናቸውን ልጆች እንጥራቸው፣ ሌሎች ሚናዎች ገና አልተያዙም አሉ። ሁሉም ተስማሙ። ስማቸውን የሚያውቅ ግን ከኮሚቴው ውስጥ አልተገኘም። አንዱ፣ ቀጭን ልጅ ነበር አለ። ሌላው፣ ከንፈሩ ላይ ጠባሳ ያለው ትዝ ይለኛል አለ። ነቢል መድረኩ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ይሰማ ነበር።

"ከመሀላቸው አንዱ አክመል ነው" አለ። "አርቦዬ ሄዶ እህል ይጭናል። ሳትጠይቁኝ ጠይቄዋለሁ። ቴያትር የሚባል ነገር ሁለተኛ እንዳታነሳብኝ ብሎኛል።"

አቶ ወልደጻድቅ፣ አክመል የትኛው ነበር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና ተዉት።