በአቶ ጦና ሳንባ ላይ የታየችው ነጥብ

ቋ፣ ቋ የሚል የመጥረቢያ ድምፅ ከእንሰቱ ማዶ ተሰማ። ወንደሰን ቆም አለ። ሶዶ ከተማ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል የራጅ ክፍል ባለሙያ ነው፤ ቅዳሜን ከቤተሰቡ ጋር ሊያሳልፍ ወደ ጉኑኖ መምጣቱ ነበር። ድምፁ የሚመጣው ከአቶ ጦና ግቢ ነው። አቶ ጦና ደግሞ ከሦስት ወር በፊት «ሳንባዬ ላይ ነጥብ ታየ፤ ካንሰር ነው» ብለው፣ አገሩን ሁሉ ይቅርታ ጠይቀው አልጋ የያዙ ሰው ናቸው።

ጠጋ ሲል እንጨት ፈላጩ ራሳቸው ሆነው አገኛቸው። ጎረቤታቸው አቶ ቦልቴ አጥሩ ሥር ቁጭ ብለው ሲጋራ ያጨሳሉ።

«ደህና አደሩ ጋሼ ጦና? ጤናዎ እንዴት ነው?»

«ደህና ነኝ። የተናደድኩትም ለዚሁ ነው» አሉ መጥረቢያውን ተደግፈው። «በማሽናችሁ ምክንያት ሃያ ዓመት ከተኳረፍኩት ከዚህ ሰው ጋር ታረቅሁ። የድንበሩንም እንሰት ለቀቅሁለት። ባለፈው ሳምንት ደግመው ሲያነሡኝ ነጥቧ አላደገችም፤ ድሮ የያዘህ የሳንባ ነቀርሳ ጠባሳ ናት አሉኝ። አሁን ይህን ሰው ምን ላድርገው?»

«እኔ ማሽኑን አመሰግናለሁ» አሉ ቦልቴ ጭሱን እያወጡ። «እንሰቱ ግሩም ነው።»

«በየዓመቱ እየመጣህ ታይ ብለውኛል። አልሄድም። አንዴ የዋሸ ደግሞ ይዋሻል።»

ወንደሰን ሳቁን ዋጠ። ነገሩ ግን የሚሳቅበት አልነበረም። ጦና አርባ ዓመት አጭሰው፣ ካቆሙ ገና ሦስት ወራቸው ነው። ዛሬ ምርመራውን ቢተዉና ነገ እውነተኛው በሽታ ቢመጣ ማን ያይላቸዋል?

«ጋሼ፣ ባንክ ሲገቡ ዘበኛው በዚያች በምትጮኸው ዕቃ ይፈትሽዎ የለ?»

«ይፈትሸኛል። ባለፈው ቀበቶዬ ላይ ጮኸችብኝ።»

«ታዲያ ሽጉጥ ይዘዋል ብሎ አሰረዎት?»

«ምን በወጣኝ። ቀበቶዬን አየና አሳለፈኝ።»

«የእኛም ማሽን እንደዚያው ነው። አንድ ነገር አለ፣ ደግማችሁ እዩ ነው ያለው እንጂ ካንሰር ነው አላለም። ነጥብ ታየባችሁ ከምንላቸው ሰዎች አብዛኞቹ ካንሰር የለባቸውም። ይህን አስቀድመን አለመንገራችን ግን የእኛ ጥፋት ነው፤ በከንቱ አስጨነቅንዎት።»

«ጤነኛውን እንዲህ የሚያስተኛ ከሆነ ምን ይጠቅማል?»

«ሁሉን ሰው አንመረምርም፤ እንደ እርስዎ ብዙ ዘመን ያጨሰውን ነው። የሳንባ ካንሰር ትንሽ ሳለ ብዙ ጊዜ አያስልም፣ አያምም። ማሳል ሲጀምር ጊዜው ሊያልፍ ይችላል። ቀድሞ ከተገኘ ግን በቀዶ ሕክምና ወጥቶ ሰው ሊድን ይችላል።»

ጦና የመጥረቢያውን እጀታ እያሻሹ አሰቡ።

«እንግዲያው እሄዳለሁ። ከእንግዲህ ቢጮህብኝ፣ ቀበቶ ይሆን ወይ ብዬ እጠይቃለሁ እንጂ እንሰት አላከፋፍልም።»

ወንደሰን ደስ አለው። የመጀመሪያው ምርመራ ጥያቄ እንጂ ፍርድ አለመሆኑን ያወቀ ሰው ሳይታመም አይተኛም፤ ቢታመምም አይዘገይም። ጦናም ጤናቸውን፣ ንጹሕ ትንፋሻቸውን፣ ከጎረቤት ጋር ሰላማቸውን አትርፈዋል።

«አንተስ ቦልቴ?» አሉ ጦና። «ማጨስ የጀመርነው አብረን አይደል?»

ቦልቴ ሲጋራውን መሬት ላይ አጠፉ። ተነሥተው ኮፍያቸውን ደፉ።

«ወዴት ነው?»

የቦልቴ ቤት በስተግራ ነበር፤ እሳቸው ግን በስተቀኝ፣ የሶዶ ሚኒባስ ወደሚቆምበት መንገድ ወረዱ።